አራት የእርሳስ መስመሮች

እጄ አያርፍም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪ መሮ ይዞ ሲንቀራፈፍ ቆሜ ማየት አልችልም፤ እጄን ይበላኛል። ተማሪዬ ክላይቭ ሦስት ወር ችሎኝ ሄደ። ናይጄል ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፤ «አንተ ሰውዬ፣ በቃ ራስህ ሥራው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልመልከት» ብሎኝ ሽርጡን ወርውሮልኝ ወጣ። እኔ ሩበን ታፒንግ፣ በእንግሊዝ አገር፣ በዊኮም ጫካ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የዊንዘር ወንበር የሠራሁ ሰው፣ አንድ ተማሪ ለፍጻሜ ማብቃት አቃተኝ።

የቀረችኝ ሎሬይን ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከመሮዋ ይበልጥ የተሳለ ነው። አንድ ሰኞ መጥታ ፊቴ ተገተረች።

«አለቃ፣ አክስቴ ብስኩት ፋብሪካ ሥራ አግኝታልኛለች» አለችኝ። «ይሄን ወንበር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን እሠራዋለሁ። ዓርብ ከቆመ፣ እዚሁ እቀራለሁ። ካልቆመ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ማለት ነው፤ ሰኞ ብስኩት ላሽግ እገባለሁ።»

«እኔስ ምን ልሥራ?»

«እርስዎ አይነኩትም።»

«በጣቴም?»

«በጣትዎም። ካስቸገረዎት እጅዎ ላይ ይቀመጡበት።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ማክሰኞና ረቡዕ የመቀመጫውን ሳንቃ ቆርጣ ስትጠርብ አልነበርኩም። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከተማ ወርጄ ነበር። ውሸቴን ነው፤ የሄድኩት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ ጋርዷቸዋል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዓይኑ የደከመ ወንበር ሠሪ ማን ይፈልጋል?

ዓርብ ጠዋት ሎሬይን እግሮቹን ኮላ ቀብታ በመቀመጫው ቀዳዳዎች ውስጥ አስገባቻቸው። የአራቱም ጫፍ ከላይ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጫፎቹን በመሮ ሰንጥቆ ሽብልቅ መምታት ነው፤ ሽብልቁ እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ያሰፋዋል፣ ዕድሜ ልኩን አይወጣም። ሕጉ አንድ ነው። ስንጥቁ የመቀመጫውን ጅማት፣ በእንጨቱ ላይ የሚሄደውን ጭረት፣ አቋርጦ መሄድ አለበት። ከጅማቱ ጋር አብሮ ከሄደ ሽብልቁ መቀመጫውን ራሱን ይፈልጠዋል። ሎሬይን በየጫፉ ላይ መሮው የሚያርፍበትን በእርሳስ አሰመረችና ለአክስቷ ልትደውል መንገድ ዳር ወዳለው ስልክ ሮጠች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስመሮቿ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ክው አልኩ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመቀመጫን ጅማት ከፊት ወደ ኋላ ነው የማደርገው፤ አባቴም እንደዚሁ። ይቺ ልጅ ከጅማቱ ጋር ልትሰነጥቅ ነው። ድሮ ቢሆን መቀመጫው ከኤልም ዛፍ ነው፤ የኤልም ጅማት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ስትሳሳት ይቅር ይልሃል። በሽታ ኤልሙን ከአገሩ ከጨረሰው ወዲህ ግን የምንሠራው በኦክ እንጨት ነው፤ ኦክ ይቅርታ አያውቅም።

ጠርቼ ልነግራት እችል ነበር። ከነገርኳት ግን ብቻዋን ሠራችው አይባልም፤ ትሄዳለች። ዝም ካልኩም ይፈለጣል፤ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ቁጭ አልኩ፣ እጄ ላይ ተቀመጥኩበት፣ ተነሣሁ። በመጨረሻ መስመሮቿን በላጲስ አጠፋሁና ከጎን ወደ ጎን አዙሬ አሰመርኩላት። የነካሁት እርሳሱን እንጂ ወንበሩን አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ተመልሳ ስትመጣ ኮላው እንዳይደርቅባት ቸኩላ ነበር። መስመሩን አምና መሮውን መታች። የመጀመሪያው ሽብልቅ ገባ። ሁለተኛው ላይ ወንበሩ ቋ አለ፤ መቀመጫው ከአንዱ የፊት እግር እስከ ሌላው፣ ከጎን ወደ ጎን ተሰነጠቀ። ለካ ጅማቱ አግድም ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል ስንት ጊዜ ለተማሪ ተርቻለሁ መሰላችሁ።

ሎሬይን ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው።

«ሳንቃው ጠባብ ስለነበር አግድም ቆረጥኩት» አለች። «አስቤበት ነበር እኮ። ታዲያ መስመሩን እንዴት ተሳሳትኩ?» ሽርጧን ፈታች። «በቃ፣ አለቃ። እጄ የማስበውን አይሠራልኝም። ብስኩት ይሻለኛል፤ ቢሰበርም ይበላል።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ውስጤ ሲነቅዝ ተሰማኝ። ዝም ብል ዓይኔን ማንም አያውቅብኝም፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እጇን ስትጠራጠር ትኖራለች።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። «መስመሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጅማቱ አልታየኝም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል።»

ዞረች። «የጥርስ ሕመሙስ?»

«ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርኩ።»

የፈታችውን ሽርጥ በእጇ ጨመደደችው። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። እኔ በሐፍረት መሬት መሬቱን አያለሁ። ድንገት መጥታ የእጄን አንጓ አፈፍ አድርጋ መዳፌን ከተሰነጠቀው መቀመጫ ላይ አሳረፈችው።

«በየት በኩል ይሄዳል?»

በጥፍሬ ዳሰስኩት። «ከጎን ወደ ጎን።»

«አዩ? ጣትዎ ያያል። ወንበሬ የተሰነጠቀው ዓይንዎ ስላላየ አይደለም። ስላልጠየቁኝ ነው።»

ሽርጧን ምስማሩ ላይ ሰቅላ ወጣች። ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ምግብ አልበላሁ፣ ቁጭ አላልኩ፣ ሽርጡ ተሰቅሎ እንደሆነ ስንት ጊዜ ሄጄ ዳሰስኩት።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ሎሬይን አዲስ የኦክ ሳንቃ ተሸክማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አጋደመችውና ሽርጧን አወረደች። እጄ ቀድሞኝ ወደ ሳንቃው ሲሄድ በሌላው እጄ ያዝኩት።

«ልንካው?» አልኳት። ለተማሪ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

«ይቆዩ» አለችኝ።

ቆየሁ።