የዘይኑልአቢዲን ረጅሙ ሌንስ

ዘይኑልአቢዲን ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ነገር ግን ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ስለ ካሜራ ማውራት ይቀናው ነበር፤ ይህን ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው። ያለችው ካሜራ ሌንሷ የማይፈታ፣ በዕድሜ እሱን ልታክል ምንም የማይቀራት አሮጌ ናት። ደርግ ከመጣ ወዲህ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የማያስፈልገው ሰው ስለሌለ ሥራ አልጠፋም። ይሁንና ቀኑን ሙሉ "አገጭዎን ቀና፣ ዓይንዎን ወደዚህ" ሲል የሚውል ሰው በልቡ የሚያላምጠው ነገር ይሻል። ዘይኑ የሚያላምጠው ሌንስ ነበር።

ያቀደው ሦስት ሌንስ የሚቀያየርለት አዲስ ካሜራ ነው። አጭሩ ለሠርግ፤ ሙሽራውንም ሚዜውንም ያንን ሁሉ ዘመድ ጠቅልሎ የሚያስገባ። መካከለኛው ለፊት፤ የሰው አፍንጫ ሳያሳብጥ የሚያነሳ። ረጅሙ ደግሞ ሩቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ። ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሰው ብርጭቆ እንደ ሌንስ እየደረደረ ያስረዳል። ኋላ ኋላ ጓደኞቹ ብቅ ሲል ካዩት ሻያቸውን ጨልጠው ብርጭቋቸውን ከጠረጴዛው ሥር መደበቅ ጀመሩ።

"ለመሆኑ ረጅሙን ምን ልታደርገው ነው?" አለችው ሚስቱ ሸሪፋ እራት ላይ።

"ሩቅ ያለ ሰው ለማንሳት።"

"ሩቅ ያለ ሰው ፎቶ አንሳኝ ብሎህ ያውቃል?"

ዘይኑ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። ሲያስበው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ሌንስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የደሴን ፒያሳ ሲያቋርጥና ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው። ይህን ደግሞ ለሚስት አይናገሩትም።

ካሜራውን እንዲያመጣለት ከአሰብ ዕቃ ለሚያመላልስ ብሩ ለሚባል ሹፌር ነገረው። ብሩ ስለ ካሜራ የሚያውቀው ፊት ለፊቱ ቆሞ መሳቅን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይኑ አጭሩን ባጭሩ፣ መካከለኛውን በመጠኑ፣ ረጅሙን ግን ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪቀር ድረስ አስረዳው።

ብሩ ተመለሰና መኪናው ኮምቦልቻ ስለተበላሸችበት "ውረድና ዕቃህን ውሰድ" ሲል ላከበት። ዘይኑ እየከነፈ ወረደ። ብሩ ከመቀመጫው ሥር ክንድ የሚያህል ጥቁር ነገር በሽርጥ ተጠቅልሎ አወጣለት።

"ካሜራውስ?" አለ ዘይኑ።

"የምን ካሜራ? ረጅሙን፣ ረጅሙን ስትለኝ አልነበር? ካየሁት ሁሉ ረጅሙን መረጥኩልህ!"

ሊቆጣ ይገባው ነበር። ሌንሱን ሲያቅፈው ግን ቁጣው ቀለጠ። የሚገጥምለት ካሜራ በእጁም በከተማውም እንደሌለ እያወቀ፣ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎት ወደ ደሴ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከኮምቦልቻ መውጫ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ጥቅሉን ነካካው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሌንስ ነው፣ ጓድ። የካሜራ።"

"ካሜራው የታለ?"

"እሱ ገና ነው።"

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ዘይኑን ሌንስ ምንድን ነው ብሎ በገዛ ፈቃዱ የጠየቀው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። "አየህ ጓድ፣ ሌንስ ሦስት ዓይነት ነው" ብሎ ጀመረ። "ይሄኛው ካሜራው ላይ ሲገጠም፣ እዚህ ቆመህ እዚያ ጋራ ላይ ያለውን ወታደር መልኩን ትለየዋለህ!"

"ምን አልክ?" አለ ጠባቂው፤ ክንዱንም ይዞ ወደ አዛዡ ክፍል አስገባው።

የኬላው አዛዥ አስር አለቃ በላቸው ይባላል። ሌንሱን እያገላበጠ "ይሄን የሰጠህ ማነው? ማንን ልታይበት ነው?" አለው። በዚያ ዘመን እንዲህ ካለ ክፍል ገብቶ የቀረ ሰው ዘይኑ ያውቃል። 

"እኔ ለማየት አይደለም" አለ። "እኔ እንድታይ ነው። ይዤው በፒያሳ ሳልፍ።"

"ለመታየት ብሎ ይሄን የሚሸከም እብድ የለም" አለና አስር አለቃው በሩን ዘጋበት። ዘይኑ ተቀምጦ ሲያስበው ሰውዬው እውነቱን ነው። ሰላይ ነው የሚለው ታሪክ ከእሱ እውነት ይልቅ ለማመን የሚቀል ነበር።

አብረውት የተሳፈሩ የሆጤ ሰዎች ለሸሪፋ ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች ኬላው ደረሰች።

"ወንድሜ፣ ሰላይ ምስጢር ይይዛል አይደል?" አለችው አስር አለቃውን።

"ይይዛል።"

"ይሄ ሰው አንድ ምስጢር ይዞ ካደረ ወላሂ እኔንም እሰሩኝ። ሆጤ ቀበሌ ደውሉ፤ ስለዚህ ሌንስ ያልነገረው ሰው ካገኛችሁ ያኔ ስቀሉት።"

አስር አለቃው ወደ ቀበሌው ደወለ። ስሙን ጠርቶ "ሌንስ ይዞ ያዝነው" ሲል ከወዲያ ያለው ሰው ድምፅ እስከ ውጭ ተሰማ፦ "ዘይኑን? ማስረዳት ጀመረ? አደራ፣ ስልኩን እንዳትሰጡት!"

በላቸው ስልኩን ሳይዘጋ ሳቀ። ጠባቂውም ሳቀ። በሩ ሲከፈትለት ዘይኑም፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ሳቀ።

"አብሽር፣ ተርፈሃል" አለችው ሸሪፋ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጡ። ሌንሱን በማግስቱ ለብሩ መለሰችና ሌላ ነገር አዘዘችው፤ "ፊት የሚያነሳ፣ ከነካሜራው፣ አንድ" ብላ። ብሩም በሚቀጥለው ጉዞው ያንኑ አመጣ።

ከወራት በኋላ አስር አለቃ በላቸው ደሴ አቅራቢያ ኩታበር የሚኖሩ እናቱን ወይዘሮ የኔነሽን ይዞ ፎቶ ቤቱ መጣ። እሳቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

"ይሄ እማማ፣ መካከለኛው ሌንስ ይባላል" ብሎ ዘይኑ ጀመረ። "የሰው ፊት ሲያነሳ..."

"ልጄ፣ ፊቴ ደከመኝ" አሉት። "ቶሎ በልልኝማ!"

አነሳቸው። ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው ብዙ አዩት።

"ይቺ እናቴ ናት" አሉ። "ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ከየት አገኛችኋት?"

"እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ" አላቸው ዘይኑ።

በላቸው ሊስቅ ብሎ ተወው። እሳቸው ፎቶውን በመቀነታቸው ቋጠሩትና እግሯ አልሄድ ብሏት ቤት የዋለች እህት እንዳለቻቸው፣ እናታቸውን እሷም ብታያት ደስ እንደሚላት ለዘይኑ ነገሩት። የእሷንም ፊት እንዲያነሳላቸው ለመኑት።

ዘይኑ ቅዳሜ ኩታበር ሄደ። መንገድ ላይ ለፍተሻ ሲያስቆሟቸው፣ ማንም ሳይጠይቀው ካሜራውን ከፍቶ አሳየ፤ አፉን ግን ዘጋ።