ከሣሩ በታች

ጥቅል ሣር የጫነው መኪና ወንዙ ዳር ሲቆም አዛውንቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ሣሩ ከነአፈሩ ተቆርጦ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያወርዱታል፤ ሲዘረጉት ቡናማው መሬት በአንዴ አረንጓዴ ይለብሳል። የሜዳው እኩሌታ ተሸፍኗል። የቀረው ከአሮጌው የጭስ ማውጫ እስከ ወንዙ ያለው ነው። አዛውንቱ ዓይናቸውን ከዚያ መንቀል አልቻሉም።

ወንዙ የሚፈስበት ሸለቆ ቀድሞ የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተውበታል። ያኔ ወንዙ የሚፈሰው ፋብሪካው የሰጠውን ቀለም ይዞ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ሰው ውሃውን አይቶ «ዘንድሮ ፋሽኑ ቀይ ጫማ ነው ማለት ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። አሁን ውሃው ጠርቷል። ግራና ቀኙ የድንጋይ ደረጃ፣ አግዳሚ ወንበርና የልጆች መጫወቻ ተሠርቶለታል።

ፋብሪካው በተዘጋበት ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አምስት ሰው መርጦ ጉድጓድ አስቆፈረ። የቆዳ ማልፊያው መርዝ የቀረባቸውን የብረት በርሜሎች ሦስት ቀን ሙሉ እያንከባለሉ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ቀበሯቸው። «ወሬውም አብሮ ይቀበር» አላቸው። ከአምስቱ አራቱ ሞቱ፤ በምን እንደሞቱ የጠየቀ የለም። እሳቸው ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሸለቆው መናፈሻ ይሆናል ሲባል እንኳ፣ «መሣሪያ አላቸው፤ ራሳቸው ያገኙታል» ብለው ለራሳቸው ነገሩ። አልፎም የሠራተኞቹን አለቃ ደጅ ጠንተው ልጃቸውን ተክል ተካይ አድርገው አስቀጠሩ።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ዳቦ እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ አርግዣለሁ፤ አራት ወሬ ነው» አለቻቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንደመለሱላት አያስታውሱም።

ዘበኛው በሩ ላይ ሳቀባቸው። «አባባ፣ ገና አልተመረቀም እኮ! ለመናፈስ እንዲህ ይቸኮላል?»

«መሐንዲሱን ፈልጌ ነው።»

መሐንዲሱ ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሳበላቸው። አዛውንቱ ግን ቆመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እየጨመደዱ፣ ሁሉንም ነገሩት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሟቾቹን ስም ሳይቀር። ሲጨርሱ ተቀመጡ። እንዲጮህ ጠበቁ። ስልክ እንዲያነሳ፣ ሥራው እንዲቆም።

መሐንዲሱ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ስንት በርሜል ነው ያሉኝ?»

«ስልሳ አንድ።»

«እኛ የቆጠርነው ስልሳ አራት ነው» አለ በቀስታ።

አዛውንቱ ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ሃያ ሁለት ዓመት ደረታቸው ላይ የተሸከሙት ድንጋይ ድንገት ክብደቱን አጣ፤ ግን እፎይታ አልነበረም። ማንም የማይፈልገውን ዕቃ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ሆኑ።

«ታውቃላችሁ?»

«አምና መሠረት ስንቆፍር አገኘነው። ይውጣ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል፣ ምርቃቱ ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል አሉኝ። ላስቲክ አንጥፈን አፈር ደፋንበት።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «በሦስተኛው ደብዳቤ ከሥራ ልባረር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም።»

«አፈሩን የሚዝቁት ሴቶችስ?»

መሐንዲሱ ከጠረጴዛው ላይ ካርታውን አንስቶ መጠቅለል ጀመረ፤ ደጋግሞ ጠቀለለው፤ ጫፉ አልገጥም አለው።

ልጃቸው ከአጥሩ አጠገብ አፈር ትደለድል ነበር። በምልክት ጠሯት። መጣችና ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። አዛውንቱ ነገሩን ባጭሩ ነገሯት፤ ረጅሙ ነገር መሐንዲሱ ቢሮ አልቆባቸዋል።

«ዛሬውኑ ውጪልኝ፣ ልጄ።»

«ወጥቼ የት ልግባ? ባሌ ሥራ ከፈታ ስድስት ወሩ ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «አባዬ፣ ለምነህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ ታውቅ ነበር?»

«ረስቼው ነበር» የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ መጣ። የሚያምናቸውም አያጡም ነበር። ዋጡት።

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ከጋለ ምድጃ እንደሚሸሽ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከወዲያ በኩል አለቃው በስሟ ተጣራ። ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ዞራ ሄደች።

አዛውንቱ አጥሩን ይዘው ቀሩ። ልጃቸው ከጭስ ማውጫው ሥር፣ ገና ባልተሸፈነው መሬት ላይ ስትቆም አዩ። አብራት የምትሠራው ሴት ጥቅሉን አጠገቧ ጣለችና ተቃናች። ነፋሱ ወዲህ ይነፍስ ስለነበረ ድምፃቸው ይሰማል።

«አባትሽ ምን አሉሽ? ደህና አይደሉም እንዴ?»

ልጃቸው ወደ አጥሩ አልዞረችም።

«ምንም። ምሳ በልተሻል ወይ ነው ያለኝ።»

«የታደልሽ!» አለች ሴትዮዋ፣ የጥቅሉን አንድ ጫፍ እየያዘች።

ሁለቱም ጎንበስ አሉ።