ሦስት ቀን የቀረው እንቁላል

የሺመቤት የተቃጠለውን ቦርድ በፌስታል እንደጠቀለለችው የጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወዲያው ቤት ላለችው ልጇ ደወለች።

«ሊድያ፣ ስንት ይላል?»

«ሠላሳ ስድስት ከግማሽ። ቅድም ሠላሳ ሰባት ነበር።»

«ጋቢውን ደርቢበት። የማሽኑን በር እንዳትከፍቺው።»

ጥገና ቤቱ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኑን ከሁለት ዓመት በፊት የሸጠላት የጥገና ቤቱ ባለቤት ኢስሀቅ ነው። ሙቀት ሲወርድ አምፖሎቹን የሚያበራው፣ ሲጨምር የሚያጠፋው ይኸው ቦርድ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ዘጠና ስድስት እንቁላል አለ። ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስት ቀን ከቆየ ይፈለፈላል። ትናንት በስልኳ መብራት ስታያቸው ውስጣቸው ሲንቀሳቀስ አይታለች። ባጃጅ ውስጥ ሆና ግን ዘጠና ስድስቱንም የት እንደምትቀብራቸው ስታስብ ነበር የመጣችው።

ኢስሀቅ ቦርዱን አገላብጦ አየው።

«ቺፗ ናት የሄደችው።»

«ትቀየራ።»

«የለችም፣ እትዬ። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ከቻይና ይጠብቃል። እነሱ ደግሞ ከሌላ አገር ይጠብቃሉ። መኪናውም ስልኩም ይህንኑ ይፈልጋል ይላሉ።»

«እኛ እንግዲህ የወረፋው መጨረሻ ነን።»

«ወረፋው ውስጥም የገባን አይመስለኝም።» ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ከፈተ። «አንድ ሙሉ ቦርድ ቀርቶኛል። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ዕድልዎ ነው።»

የሺመቤት ደስ አላላትም። «ሞክረኸዋል?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«ቤት ስወስደው ቢቃጠልስ?»

«መብረቅ ቢወድቅስ አይሉኝም?»

«እሱንም ልጠይቅህ ነበር።»

አዲሱን ቦርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ልትወጣ ስትል አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ገቡ። እጃቸው ላይ የያዙት ቦርድ ከእሷው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

«ኢስሀቅ ልጄ፣ የኔም ሞተ።»

«እማማ እናትዓለም፣ ከአንበሳሜ ነው በዚህ ጧት?»

«በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ።»

ኢስሀቅ የሺመቤትን ቦርሳ አየ።

«ስንተኛ ቀኑ ነው፣ እማማ?» አለች የሺመቤት።

«አምስተኛ።»

«ታቃፊ ዶሮ የለዎትም?»

«ሁለት አሉኝ። መቶ ሃያ እንቁላል ሁለት ዶሮ ሥር ይገባል?»

«ታዲያ አሁን እንዴት አድርጋችሁት ነው?»

«ልጄ አምፖሉን በቀጥታ አገናኘው። ምራቴ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሲሞቅ ሶኬቱን ትነቅላለች፤ ሲቀዘቅዝ ትሰካለች። ሰው ሆና ስንት ቀን ትችላለች?»

የሺመቤት በጣቷ ቆጠረች። ሃያ አንድ ቀን ለመሙላት ለሴትዮዋ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷቸዋል። ስልኳ ጠራ።

«እማ፣ ሠላሳ ስድስት ገባ።»

«መጣሁ።»

አልሄደችም። ያለ ቦርድ የሚያልፉትን ሦስት ቀናት አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ከሥራ ፈቃድ መለመን አለ። መብራት ይጠፋል። ሊድያ ፈተና አለባት፤ ተራ ብታስጠብቃት መጽሐፏን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ታሸልብና አምፖሉ እንደበራ ይቀራል። ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታያት። ከዚያ ቦርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ እናትዓለም ፊት አስቀመጠችው።

«ይውሰዱት።»

«አንችስ?»

«የእኔ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሦስት ቀን ሰው ይችለዋል።»

ኢስሀቅ ቀና አለ። «እትዬ፣ አስበውበታል? ሌላ የለኝም እኮ።»

«ሰማሁ።»

እናትዓለም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ሲጀምሩ የሺመቤት ወደ ኢስሀቅ ዞረች።

«ለአምፖሎቹ ገመድ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ግጠምልኝ። ረዥም ይሁን፣ አልጋዬ ድረስ የሚደርስ።»

ኢስሀቅ ከመደርደሪያው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አወረደ።

«ሁለት አድርገው» አለች። «አንዱ መበላሸቱ አይቀርም።»