የሐዳሳ ድብቅ ደስታ

ሐዳሳ ከጎረቤት የተዋሰችውን አግዳሚ ወንበር ተሸክማ ስትገባ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሰዉ ከሥራ መልስ እየመጣ «አይዞሽ፣ ጌታ ያውቃል» ይላታል። የሞተ ሰው ግን የለም። ከንፈር የሚመጠጥለት ባሏ ቲቶ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው፤ ያውም ሦስተኛ ብርጭቆውን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቶ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ፣ የታወቀ በያጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ ተመልሶ ፎቅ ያቆመ ሰው ነው፤ «እስከ መቼ ብረት ስትበይድ ትኖራለህ?» እያለ ልቡን አሸፈተው። ቤተ ክርስቲያን ጾማ ጸለየችለት፣ በደላላ ወጣ። ታንዛኒያ ላይ ተያዘና ታሰረ። በስምንተኛ ወሩ፣ ባለፈው ሰኞ፣ የሰው ጃኬት ለብሶና አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ቤቱ ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ አዘነለት።

ሐዳሳስ? ሐዳሳማ ደስ ብሏት ልትሞት ነው። ይሄ ደግሞ ለማን ይነገራል? ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም። ቲቶ ማታ ያንኮራፋል። ጠዋት «እንቁላሉ ላይ ጨው አበዛሽበት» ብሎ ይነጫነጫል። የልጃቸውን የአቢጋኤልን ጸጉር አበጥራለሁ ብሎ ያስለቅሳታል። ስምንት ወር ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ እየመሰላት የከረመች ሴት፣ አሁን የሚነጫነጭ ባል አግኝታ ምን ጎደላት? እንግዳ ፊት ፊቷን አጨፍግጋ ትቀመጥና ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ትሮጣለች።

«አይ ምስኪን! አንጀቷ አልችል ብሎ እኮ ነው» ይላሉ ሴቶቹ።

ዛሬ ግን አጵሎስ ጉሮሮውን ጠረገና ሰው ሁሉ በሚሰማበት ተናገረ።

«በቃ አትዘኑ። አስተማማኝ ደላላ አግኝቻለሁ፤ ግማሹ መንገድ በአውሮፕላን ነው። ቲቶ፣ ሰኞ ጠዋት ፓስፖርትህን ይዘህ ትመጣለህ።»

ቲቶ መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ።

ሐዳሳ የያዘችውን የድንች ቅቅል አስቀምጣ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። የዛሬው ሳቅ አልነበረም። ቲቶ ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ሐዳስዬ፣ በቃ አታልቅሺ። አሳፈርኩሽ፣ አውቃለሁ። አምስት ቀን ሙሉ እዚህ እየተደበቅሽ ስታለቅሺ የማላይ መሰለሽ? ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ እኮ። ለዚህ ነው እሺ ያልኩት።»

ሐዳሳ ክው አለች። ጎረቤት አታለልኩ ብላ፣ ለካ የገዛ ባሏን ኖሯል ያታለለችው!

«እየሳቅኩ ነበር» አለችው።

«ምን?»

«እየሳቅኩ ነበራ! ደስ ብሎኝ! ስታንኮራፋ እንኳ ደስ ይለኛል። ይሄ ሁሉ ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ ምን ላድርግ? ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።»

«ተይ እንጂ! ባዶ እጄን መጥቼ?»

«ታዲያ እኔ ዕቃ ነበር እንዴ የምጠብቀው?»

«ሰው ምን ይላል፣ ሐዳሳ?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ቲቶ የውሃ ጀሪካኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔም መሄድ አልፈልግም» አለ በለሆሳስ። «ዓይኔን ስጨፍን ያ እስር ቤት ይመጣብኛል። ግን ወንድሜን በሰው ፊት እንዴት እምቢ እለዋለሁ? እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው።»

ከሳሎን «ለጸሎት እንነሣ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁለቱም ወጡ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ዋለ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ሲጨርሱ ማስታወሻቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ለሁለተኛው ጉዞ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት እንይዛለን። እህት ሐዳሳ፣ ሌላ የጸሎት ርእስ አለሽ?»

ሐዳሳ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የለኝም፣ ጋሽ ዋለ። ምስጋና ነው ያለኝ። የእሁድ ምስክርነት ላይ ስሜን ይጻፉልኝ።»

«ምስጋና? በምን ምክንያት?»

«ባሌ በሕይወት ስለመጣልኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ ጉባኤ ባሏ ጆሃንስበርግ ደርሶላት እልል ያላለች ሴት የለችም። ተይዞ ስለተመለሰ ሰው የቆመ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

አጵሎስ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ምን ማለትሽ ነው? ሕዝብ ፊት መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

ጋሽ ዋለ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ወደ ቲቶ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?»

ሐዳሳ አሁን ፈራች። «ተዪው» ካላት በቃ፣ ሁሉም ነገር አለቀ። ቲቶ ወንድሙን አየ፣ ሻይ ይዘው የተቀመጡትን ሰዎች አየ፣ እሷን አየ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ይጻፏት፣ ጋሽ ዋለ» አለ። «እኔም አብሬያት እቆማለሁ።» ወደ አጵሎስ ዞረ። «ወንድሜ፣ ሰኞ አትጠብቀኝ፤ ሥራ እገባለሁ። እሁድ ግን አንተም ናልን።»