የተሰፋው ኪስ

ባልየው በሰፈሩ «ግንቡ» ይባላል። ሲዘረጋ የኖረውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤት አይጠፋም፤ ከአፉ ግን ከ«እህ» በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ወጡ ቢጣፍጥ «እህ»፣ ጣሪያው ቢያፈስ «እህ»። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ አንጀቷ ቢያርር፣ ለጎረቤት ከማማት ይሻላል ብላ መጽሐፍ ልትሠራበት ወሰነች።

መጽሐፉ የሚዳሰስ እንጂ የሚነበብ አይደለም። አሮጌ ካርቶንና የጥጥ ብጣሽ ነክራ፣ አድቅቃ፣ በወንፊት እያጠለለች ወረቀት አወጣች። በወረቀቶቹ መሃል የባሏን የድሮ ኮት ቆራርጣ አስገባችና ሁሉንም ሰም ባስነካችው ክር ጠረዘችው። አንደኛው ገጽ አፉ የተሰፋ ኪስ ነው። ሌላው ላይ አዝራር ተደርድሯል፤ የሚቆለፍበት ቀዳዳ ግን የለውም። አንዱ ደግሞ በሳሙናና በፍል ውሃ ታሽቶ የተጠቀጠቀ ሱፍ ነው፤ ድምፅ የሚውጥ። ስሙን «ሰውዬው» አለችው። ከዳር እስከ ዳር ስሞታ ነበር።

«እህትዬ፣ ይሄን ካየ ይፈታሻል» አለቻት ታናሿ።

«ካየማ አንድ ነገር ይተነፍሳል» አለች።

መጽሐፉን ዐውደ ርእይ ለሚያዘጋጅ የሥዕል አዳራሽ ወሰደችው፤ የአዳራሹ ኃላፊ ወደደችውና መሃል ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በዐውደ ርእዩ መክፈቻ ቀን ባልየው ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ፤ ቀስ እያለ ገለጠ፣ ዳሰሰ፣ መልሶ ገለጠ። ሚስቱ ዓምድ ተከልላ ታየዋለች። አንዲት ወጣት ጎብኚ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኮቴ ነው» አላት። ሚስቱ ይበቃዋል ስትል እሱ ቀጠለ። «ኪሱን አየሽው? የተሰፋው ውስጡ ያለው እንዳይጠፋ ነው። ሱፉ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ። ሠሪዋ አሳቢ ናት።»

ወጣቷ ጓደኞቿን ጠራች። ሌሎችም ተሰበሰቡ። ግንቡ ያን ቀን ተደረመሰ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ አወራ። የሚስቱን ስሞታ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ምስጋና ለወጠው። ኃላፊዋም በማግስቱ ደውላ እየመጣ ያስጎበኝላት ዘንድ ለመነችው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ድምፁ ሰልሎ ይገባል። እቤት «እህ»ም ቀረች። ሚስትየዋ ስትብሰለሰል ከረመችና አንድ ቀን ሻርፕ ተከናንባ ጎብኚዎቹ መሃል ቆመች። ባልየው አያት፤ ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች፣ «ኪሱ የተሰፋው ሰውዬው ዝምተኛ ስለሆነ ይሆን?»

«ጥሩ ጠየቁ፣ እትዬ።» ከተጋቡ ወዲህ አንቱ ብሏት አያውቅም። «እኔም አስቤበታለሁ። ሰውዬው ግን ዱሮ ዝምተኛ አልነበረም። ማታ ማታ ሊያጫውታት አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። እሷ ስፌት ላይ ናት፤ ስፒሉን በጥርሷ ነክሳለች። ስፒል የነከሰ ሰው ሲያወሩት ምን ይላል? ‹እህ› ይላል። ሰውዬው ከእሷ ለመደ።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። አብራቸው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷ ጋለ።

አብረው ወደ ቤት ሄዱ። እቤት ገብተው እሱ ጫማውን ለመፍታት ሲያጎነብስ አላስችል አላት።

«ይሄን ሁሉ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

የጫማውን ክር ፈትቶ ቀና አለ።

«ነገ ነይ» አላት በሰለለ ድምፁ። «ጠዋት ጠዋት ሰው አይበዛም።»

በማግስቱ ከእሱ ቀድማ ለበሰች።