ሁለት ትልቅ፣ አንድ ትንሽ

«ባለጃንጥላዋ» የሚል ስም ያወጡላት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላዋን ካሜራው ላይ ትዘረጋና ራሷ ውጪ ቆማ ትበሰብሳለች። ሲስቁባት «ካሜራው ጉንፋን ከያዘው የሚያስነጥሰው ፍርድ ቤት ነው» ትላቸዋለች።

ሥራዋ አደጋ ወይም ወንጀል የደረሰበትን ቦታ ለመርማሪዎች ፎቶ ማንሳት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። ቦርሳዋን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ፎቶ አንሺ ሳትሆን ቤት ልትለቅ የተነሣች ሴት ትመስለዋለች። ካሜራውን ከዝናብ የምትጋርድበት የሻወር ኮፍያ አለ፤ ሌንስ የምትጠርግበት አሮጌ ከናቴራ አለ፤ ብርድ እንዳያዳክማቸው ካልሲ ውስጥ የምትሸጉጣቸው ባትሪዎች አሉ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ማስመሪያም አለ፤ ፎቶው ውስጥ ካልተጋደመ የነገሩን ልክ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የምትሳሳለት ግን ለትራይፖዱ፣ ለካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ጫማ ነው። ጭቃ ላይ እንዳይሰምጥ በሦስቱ እግሮች ሥር የሚጠለቁ ክብ ብረቶች ናቸው። ባሏ በያጅ ነበርና ከወዳደቀ ብረት ቆርጦ ሠራላት። ለሦስተኛው ብረቱ አነሰውና ሁለቱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ ቀረ። «ትራይፖዴን አንካሳ አደረግህብኝ» ስትለው «የሚመጣው ሳምንት አስተካክለዋለሁ» ይላት ነበር። ያ ሳምንት ሰባት ዓመት ሳይመጣ ቆየ፣ በመጨረሻም ሰውየው ራሱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያንን ብረት ማንም እንዲያስተካክልባት አልፈለገችም።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምታስተምረው አንድ ነገር ነበር፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ካሜራ፣ መጨረሻ እግር። ከዳር ቆመህ ቦታውን እንዳለ ሳታነሣው አንድ እርምጃ አትግባ፤ የረገጥከው ቦታ የአንተ እንጂ የተፈጠረው ነገር ምስክር አይሆንም። ይህን ስትናገር ጣቷን እየቀሰረች ነው። የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ስለቀረው፣ ወንበሩ የእሷ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ታዲያ በአንድ ዝናባማ ረፋድ ለፍሳሽ ቱቦ የተቆፈረ ቦይ ተደርምሶ አንድ ሠራተኛ ገደለ። ከሰው ቁመት በላይ የሚጠልቅ ቦይ ነው። ስትደርስ ጓደኞቹ አስከሬኑን ቆፍረው አውጥተውታል፤ ቦይው ውስጥ ውሃ እየገባ ነው፤ ያልወደቀው ግድግዳም ተሰንጥቋል። «ቶሎ በሉ፣ ግድግዳው ሊሄድ ነው!» እያለ የቁፋሮው ፎርማን ይጮኻል። እሷም ስንጥቁ ሳይጠፋ ልቅረጸው ብላ ትራይፖዷን አንጠልጥላ በመሰላሉ ወረደች። ማንም ያልረገጠው ጥግ ላይ ተከለችው። ግድግዳውን፣ ስንጥቁን፣ የተናደውን አፈር አነሣች፤ ማስመሪያዋን መሬቱ ላይ ትታ ወጣችና አጠቃላዩን ፎቶ ከላይ ሆና አነሣች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ያን ቀን ግን ውሃውም ቸኩሎ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ሌላኛውም ግድግዳ ወደቀ፤ ከዚያ ቦታ የተረፈ ነገር ቢኖር የእሷ ፎቶ ብቻ ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስትገባ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘች። የሟቹ አባት ናቸው፤ በየቀኑ እየመጡ እዚያው ይቀመጣሉ።

«እኅቴ» አሏት፣ «በራሱ ጥፋት ሞተ ብለው ሊጽፉት ነው አሉ። የሥራ ጓደኞቹ እኮ ‘ቀስ በል’ እያሉ ነበር የሚጠሩት። መንገድ ለመሻገር ግራ ቀኙን ሦስቴ የሚያይ ልጅ ነው። ለእናቱ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እጠይቅልዎታለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ለማጽናናት ያህል ነበር።

ወንበሯ ላይ አረፍ ከማለቷ መርማሪው የታተሙትን ፎቶዎች ይዞ ገባ። ጨዋና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከፎቶዎቹ ሥር እንድትፈርምለት ፈልጓል።

«እትዬ፣ የእርስዎ ፎቶ ባይኖር ባዶ እጃችንን ነበርን» አላት። «ፎርማኑ ‘ሙት ወቃሽ አያርገኝና ግድግዳው የብረት ድጋፍ ነበረው፣ ለአካፋዬ አልመች አለኝ ብሎ ራሱ ነቀለው’ ሲል አላመንኩትም ነበር። ይኸው፣ ይዩት።»

አጠቃላዩ ፎቶ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ጥጉ ላይ፣ ከማስመሪያዋ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ሦስት ክብ ምልክቶች ይታያሉ። «የድርጅቱ የድጋፍ ብረቶች መቀመጫቸው ክብ ነው። እዚህ ቆመው ነበር ማለት ነው።»

ባለጃንጥላዋ ክው አለች። የገዛ ትራይፖዷን እግር ያላወቀች የማንን ታውቃለች?

ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ጭቃው ታጥቧል፣ ቦይው ተደፍኗል። ብትናገር ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጣቷን ቀስራ ያስተማረችውን ራሷ እንዳፈረሰችው መጻፍ አለባት፤ የሥልጠናው ወንበርም ይቀራል፤ የዓመቱ ፎቶዎቿ ሁሉ ይጠረጠራሉ። ፈራች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህቺኛዋ እውነት ግን እሷ አፏን ካልከፈተች ስንት ንጋት ቢነጋ አትጠራም ነበር። በሩ በትንሹ ገርበብ ብሏል። የሽማግሌው ጫማ ከአግዳሚው ሥር ይታያት ነበር፤ ክሩ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ የታሰረ፣ የጠንቃቃ ሰው ጫማ። ልጁም ጥንቃቄን የተማረው ከእሳቸው ይሆናል ብላ አሰበች።

«ቁጭ በል» አለችው መርማሪውን። «በማስመሪያው ለካቸው።»

ለካ። «አሥር ሴንቲሜትር። አሥር። ይሄ... ሰባት።»

«የድርጅቱ ብረትስ?»

«ሁሉም አሥር ነው። ሦስተኛው ጋ ጭቃው ተንሸራቶ ይሆናል።»

ያንን ጥግ በእውነተኛ ልኩ አሳድጋ አተመችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ትራይፖዱን ከጥግ አምጥታ ብረቶቹን አንድ በአንድ ፈታች። ትልቁን በትልቁ ምልክት ላይ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ በመጨረሻ ትንሹን በትንሹ ላይ አስቀመጠች። እንደ ድስትና ክዳኑ ገጠሙ።

መርማሪው ብረቶቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ተነሥቶም በሩን ገጥም አደረገ። «እትዬ፣ ይህን ማንም አልጠየቀዎትም።»

«አሁን ጠይቀኛ። ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምክ ነው፤ ኩበቱን የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ድጋፍ ቆሞ ቢሆን አሻራው የታለ? ከእኔ እግር በቀር ምን ይታይሃል?»

«ከተጻፈ እኮ ከቦታዎ ያነሡዎታል።»

«ለእኔ አስበህ እንደሆነ እግዜር ይስጥልኝ። የሞተው ግን ‘አልነቀልኩም’ ብሎ መናገር አይችልም። ወረቀት ስጠኝ።»

በእጇ ጽፋ ፈረመች፦ *ቦታውን ከማንሣቴ በፊት ረግጫለሁ። ሦስቱ ምልክቶች የትራይፖዴ ናቸው።* ሁለት መስመር ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ፈጅታ አታውቅም።

የሆነውም የፈራችው ነው። ፎቶዎቿ እስኪመረመሩ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ የሥልጠናውን ወንበር ለሌላ ሰው ሰጡት። ብረቶቹም ማስረጃ ናቸው ተብለው ተወሰዱባት። መርማሪው ራሱ ፎቶ ሲያነሣቸው ማስመሪያ ማድረግ ረስቶ ነበር፤ የራሷን ሸርተት አድርጋ አስገባችለት። ፎርማኑ እንደገና ተጠርቶ የፈረመችው ወረቀት ፊቱ ሲዘረጋለት ላብ በላብ ሆነ። «ድጋፉ... በማግስቱ ሊመጣ ነበር» አለ።

ዜናውን ለሽማግሌው ለመንገር ማንንም አላከችም። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋም። በሥነ ሥርዓት ተጽፏል።»

«አልነቀለም?»

«የሚነቀል ነገር አልነበረም። ‘ነበር’ ያስባለው የእኔ ትራይፖድ እግር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን በክፉ ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።» የፎቶውን ቅጂ አውጥታ እንዴት እንደታወቀ አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያ በጣታቸው የትንሹን ክብ ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩት።

«የለየችው ይቺ ናት?»

«አዎ። ባለቤቴ ነው የሠራው። ብረት አንሶት ነው።»

«አለ?»

«የለም፤ ሞቷል።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ኪሱንም ቆለፉት። ለመነሣት ክንዷን ያዝ አደረጉና እንደገና ተመለከቷት።

«እንኳንም አነሰው» አሉ።