የታላቅ እህት ሰሌን

ወንድሜ ኃይለመስቀል በዚያ ቅዳሜ ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ ምሳውን እንድሠራና ከኩሽና እንዳልወጣ። ሁለተኛውን በቀጥታ አላለውም። «ኤልፌ፣ አንቺ እዚሁ ብትሆኚ ይሻላል፣ ሳሎኑ ይጨናነቃል» ነው ያለው። አሜሪካ፣ ስኔልቪል ያለው ቤቱ ሳሎን ሠላሳ ሰው ይይዛል። የሚመጡት ሦስት ናቸው።

ሚስቱ መዓዛ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እንግዳ ሲመጣ ወጥ ሠሪዋ እኔ ኤልፍነሽ ነኝ። የዚያ ቀን እንግዶች ሽማግሌዎች ናቸው። ልጁን ኑሃሚንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው የሚመጡት። ጠያቂው ሴሚሲ ይባላል፣ የቶንጋ ሰው ነው። ቶንጋ የት እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ አትፈሩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ሥራ ቦታዬ ነው።

ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። እግር በማያዘረጋ ዳስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ኑሃሚን ደንዉዲ ካለው ቢሮዋ ተነሥታ በምሳ ሰዓት መጣች። አብሯት በር የሚያክል ልጅ አለ።

«አክስቴ፣ ይሄ ሴሚሲ ነው። አባቢ ገና አያውቅም፣ ሶ ፕሊስ፣ ዝም በይ እሺ?»

ልጁ አገሩን የፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ሣለልኝ። ነጠብጣብ ብቻ ነው። ደሴቶቹ ከመቶ ሰባ ይበልጣሉ አለኝ፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከታች ቶንጋታፑን ሣለ፤ ንጉሡ የሚቀመጥባት ዋና ከተማ ኑኩአሎፋ እዚያ ናት፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ የሚኖረውም እዚያው ነው። መሃል ላይ ሃአፓይን አደረገ፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባሕር ሲቆጣ መሸሻ ኮረብታ የለውም። ከላይ ቫቫኡን ሣለ፤ እሱ ኮረብታማ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ ያለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ የስልኩ ገመድ ተበጥሶ፣ ዩታ የምትኖር አክስቱ ሜሌ ለቀናት የዘመድ ድምፅ ሳትሰማ ቁጭ ብላ እንዳደረች ነገረኝ።

«ሜሌ የአባቴ ታላቅ እህት ናት» አለ። «በእኛ ዘንድ የአባት ታላቅ እህት ከአባት በላይ ናት። ንጉሡ አገሩን ይገዛል፣ ቤታችንን ግን እሷ ናት የምትገዛው። እሷ እሺ ካላለች እኔ አላገባም። አባቴም ቃል አይተነፍስም።»

ኑሃሚን ሳቀች። «ሲሪየስሊ? እኛ ጋ ታዲያ ፕሮብሌም አለ። አባቢ ታላቅ እህት የለውም። አክስቴ እኮ ታናሹ ናት።»

ሴሚሲ ፀጉሬን አየ፣ እጄን አየ። መኪና መጥቶ ነበርና የፓርኪንጉን በር ከፈትኩለት። ከዚያ እስከ ማታ የከፈትኩትን በር ሁሉ በንዴት ነው የከፈትኩት።

እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ኃይለመስቀል ስልሳ ሁለት ነው። እናታችን ስትሞት እኔ አሥር፣ እሱ አራት ነበርን። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወደ ሱዳን ስንሻገር ወባ ጥሎት ግማሹን መንገድ እንደገና በጀርባዬ ተሸከምኩት፤ ያን ጊዜ ጺም ያወጣ ጎረምሳ ነበር። ገዳሪፍ ላይ የሰው ሰሊጥ እያጨድኩ እንግሊዝኛ እንዲማር አደረግኩት። እንግሊዝኛውን ተማረና የአሜሪካውን ፎርም እሱ ሞላው።

ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላት ያላገባች ታናሽ እህት ከሆነች አብራ ታልፋለች የሚል ወሬ የስደተኞቹን ካምፕ ሞልቶት ነበር። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሠላሳ ሁለት ነበርኩ፤ ሃያ ብሎ ጻፈኝ። ተስማምቼ ነው፤ አልዋሽም። ኢንተርቪው ላይ እንዳያመልጠው ብሎ «እትዬ» ማለቱን ተወ። ማታ ማታ «ኤልፌ፣ ኤልፌ» እያለ ይለማመድ ነበር፣ እኔም እየሳቅኩ አቤት እለው ነበር። አሜሪካ ስንገባ እናስተካክለዋለን አለ። ከገባን በኋላ ግሪን ካርዱ ይምጣ አለ። ቀጥሎ ሲትዝንሺፑ ይለቅ አለ። ከዚያ ቤቱን ልግዛ አለ። ከዚያ ምንም ማለት ተወ።

ይሄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆን ግን በሰው ፊት ማይክ ይዞ ተነሣና «ታናሽ እህቴን በጀርባዬ አዝዬ ድንበር ያሻገርኩ ሰው ነኝ» አለ። ሰው አጨበጨበ። አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ጀርባዬ ዛሬም ያመኛል።

ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ስድስት ነኝ። ጡረታ የሚያወጣኝ ስልሳ ሰባት ሲሞላኝ ነው፤ ያን ጊዜ በእውነተኛው ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ እሆናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሎየር እንጠይቅ ስለው «ሁላችንንም ልታስበዪን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ኃይለመስቀል አንድ ሽማግሌ ከራሱ ወገን ጠርቶ ነበር፤ አቶ ገብረእግዚአብሔርን። ከገዳሪፍ ጀምሮ የሚያውቁን ሰው ናቸው፤ ካምፕ ውስጥ ከእኔ ድስት ያልበሉበት ሳምንት የለም። ወንድሜ ሱፉን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው፣ ተቀመጡ እስኪባል ድረስ፤ እሱም ቆንጆ አድርጎ ሊያቆማቸው አስቧል። ወንዶች ሽማግሌዎች ነበር የጠበቀው።

ሜሌ ቀድማ ገባች። ሰባ ዓመት ያለፋት ግዙፍ ሴት ናት፤ ረጅም ጥቁር ቀሚስ ለብሳ እንደ አገሯ ወግ ወገቧን በሰሌን ጠምጥማለች። የሴሚሲ አባት ሌላ የተጠቀለለ ሰሌን ተሸክሞ ከኋላዋ አቀርቅሮ ይከተላል። ሴሚሲ መጨረሻ ነው። ጫማቸውን አወለቁና ማንም ሳይጋብዛቸው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሶፋ አለ እኮ!» አለ ኃይለመስቀል።

ለካ በእነሱ ዘንድ የተከበረ ሰው ቤት ገብቶ መቆም ነው ነውሩ። እሱ ሊያቆማቸው ሲዘጋጅ መሬት ላይ ተቀምጠው አከበሩት፣ እሱም እንደ ተቀጣ ልጅ ብቻውን ተገትሮ ቀረ። በኩሽናው በር ስንጥቅ እያየሁ ሳቄ መጣ። የሴሚሲ አባት ሰሌኑን መሃል ላይ ዘረጋው። ማንም አልተቀመጠበትም።

ኃይለመስቀል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጥያቄውን ጀመረ። ስለ አገራቸው ስልኩ ላይ ሲያነብ ነው የሰነበተው። የሚጠይቀውም ገዳሪፍ ላይ ያ ኢንተርቪው አድራጊ እኛን በጠየቀበት ድምፅ ነው።

«አገራችሁ ስንት ሰው አለው?»

«መቶ ሺህ ያህል» አለች ሜሌ።

«በጠቅላላው? ይሄ ግዊኔት ካውንቲ ብቻውን ዘጠኝ እጥፉ ነው! ንጉሣችሁስ፣ ሥልጣን አለው ወይስ ለፎቶ ነው?»

«አለው። ድሮ ሁሉም የእሱ ነበር፤ አሁን ለምክር ቤት አካፍሏል። ምክር ቤቱ ሃያ ስድስት ተመራጭ አለው። አሥራ ሰባቱን ሕዝቡ ይመርጣል፣ ዘጠኙን መኳንንቱ ከመካከላቸው ይመርጣሉ።»

«እናንተስ?» አለ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ። «ከመኳንንቱ ናችሁ?»

«አይደለንም። ከሕዝቡ ነን።»

ዘንበል ያለው ጀርባው ቀጥ አለ። ያንን ጀርባ አውቀዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ። ልጅቷን ሊከለክል እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ልጁ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ፣ አንድ ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ኑ፣ ያን ጊዜ እናስብበታለን አለ።

«አባቢ፣ ዋት? አንድ ዓመት? አሁን አርባ ምክንያት ታመጣለህ!» አለች ኑሃሚን።

ሜሌ እጇን አነሣች። «ሰምተናል። ግን የእኛ ንግግር ገና አልተጀመረም። ይሄ ሰሌን የታላቅ እህትህ ነው። ትምጣና እናናግራት። እሷ እሺ ካለች እሺ ነው፣ እንቢ ካለችም ተነሥተን እንሄዳለን።»

እኔ ማንኪያ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። እስኪ ይበለው አልኩ። ለአንዲት ሰከንድ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይለዋል ብዬ አመንኩ።

«ታላቅ እህት የለኝም» አለ ኃይለመስቀል። «ታናሽ እህት ብቻ ነው ያለችኝ። እሷም ዛሬ ሥራ ላይ ናት።»

ከእሱ እስከ እኔ ስምንት እርምጃ ነው።

ሜሌ ወደ አቶ ገብረእግዚአብሔር ዞረች። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። እንደዚህ ነው?»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ካልሲያቸውን አዩ። ካልሲያቸውን! የበሉት እህል ምነው አንቆ አልያዛቸው። ማንኪያውን ጣልኩት፤ መሬት ላይ ሲጮህ ሁሉም ዞሩ። ሽርጤን እንደታጠቅኩ ወጣሁና ሰሌኑ ላይ ልቀመጥ ሄድኩ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። የሴሚሲ አባት ቀና ሳይል እጁን ዘረጋልኝ፤ ይዤው ተቀመጥኩ።

«ኤልፌ! ተነሺ!» አለ ወንድሜ።

«ማን ነሽ?» አለች ሜሌ።

በዚያች በፓርኪንግ እንግሊዝኛዬ መለስኩላት። «ታላቅ እህቱ ነኝ። እሱ ስልሳ ሁለት ነው፣ እኔ ስልሳ ስምንት። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ድንበር ያሻገርኩትም እኔ ነኝ።»

ኃይለመስቀል ከሶፋው ተነሣ።

«እትዬ» አለ። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር! ወረቀቱ!»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነው። አንድ ቀን ከአፉ ብሰማው አለቅሳለሁ ብዬ አስብ ነበር። እንባዬ አልመጣም፣ ይልቁንም ይባስ ተቃጠልኩ። የጠራኝ ለወረቀቱ ፈርቶ እንጂ ለእኔ አይደለም።

ኑሃሚን አፏን ይዛ አባቷን ታያለች። «እትዬ? አባቢ፣ እትዬ አልካት?»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ያን ጊዜ ድምፃቸው ተገኘ። «እውነት ነው፣ ታላቋ እሷ ናት» አሉ።

«ዘገዩ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር» አልኳቸው። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘገዩ።»

ከዚያ ወደ ሜሌ ዞርኩ። «ከመልሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሬት በእናንተ አገር የማን ነው?»

«መሬት ሁሉ የንጉሡ ነው። መኳንንቱ ርስት አላቸው፣ ወንድ ልጅ ሁሉ ደግሞ ድርሻ ይደርሰዋል። አባት ሲሞት ለወንድ ልጁ ያልፋል።»

«ለሴትስ?»

ሜሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። መዳፏን ሰሌኑ ላይ አሳረፈች። «ለሴት ይሄ ነው» አለች።

«እንግዲያው እናንተም ያው ናችሁ» አልኳት። አልተቆጣችም፤ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። እሷም ንዴቱን እንደምታውቀው ገባኝ። «እሺ። ዛሬ ግን ከዚህ ሰሌን ማንም አያነሣኝም። ልጅቷን ሰጥቻችኋለሁ። ዓመት የሚባል የለም። የጥምቀቱን ነገር ሁለቱ ልጆች ይነጋገሩበት፤ እሱ የእነሱና የእግዚአብሔር ነው።»

ኑሃሚን መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኃይለመስቀል እንደቆመ ነበር።

«ምሳው ምድጃው ላይ ነው» አልኩት። «አንተ አቅርብ።»

አቀረበ። ሳህኑን ለሜሌ ሲዘረጋላት አልተቀበለችውም፤ ወደ እኔ ጠቆመችው። መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። በላሁ። ጨው አንሶት ነበር፤ ስናደድ ጨው እረሳለሁ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳሴ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ከቅዳሜ ጀምሮ አብጧል። ሰሌኑን ሜሌ ይዘሽው ሂጂ ብላኝ ነበርና አጥፌ ወንበሩ ላይ አነጠፍኩት። ስልኬ ጮኸ፣ ኃይለመስቀል ነው። ዘጋሁት። እንደገና ደወለ። በሦስተኛው አነሣሁት።

«እትዬ» አለ። ድምፁ የሕፃን ነው። «ሎየር አግኝቻለሁ። ግን እስኪ ትንሽ እናስብበት፣ ሠርጉ ይለፍ...»

ከፊቴ ሦስት መኪና ተሰልፏል።

«ታናሽ እህትህ ሥራ ላይ ናት» አልኩት። «ለጡረታዋ ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቀራታል።»

በሩን ከፈትኩ።